በሲሚንቶ የታፈነ የእንጨትና ጭቃ ቤት፦ ከየት ተጀምሮ እንዴት ይታደሳል?

ጥያቄው፦ «አያታችን ከጣሊያን ወረራ በፊት ያሠሩት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ጉለሌ ውስጥ አለ። ምድር ቤቱ ድንጋይ፣ ላይኛው እንጨትና ጭቃ ነው። በረንዳው የእንጨት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ ነበር፤ አሁን እያበጠ ይወድቃል። የበረንዳው ቋሚዎች እግራቸው በስብሷል። ያየው ሁሉ አፍርሱና በብሎኬት ሥሩት ይለናል። እንደ ጥንቱ አድርጎ ማደስ ይቻላል? ከየት እንጀምር? የሚሠራውን ሰውስ በምን እንለየው?»

ምላሽ፦

ይቻላል። የዘረዘሯቸው ችግሮች ብዙ ይመስላሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው፤ ውሃ ገብቶ መውጫ አጥቷል። ይህን ሳያስተካክሉ ቀለም ቢቀቡ፣ ቋሚ ቢቀይሩ፣ አዲስ ልስን ቢለስኑ ገንዘቡ ከሁለት ክረምት በላይ አይቆይም። ስለዚህ አፍርሱ ለሚሏችሁ ሰዎች መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ግድግዳው ለምን እንደታመመ ማወቅ ይበጃል።

የጭቃ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ይስባል፤ በበጋ ያንኑ መልሶ ለአየር ይሰጣል። መቶ ዓመት የቆመው በዚህ ጠባዩ ነው። ሲሚንቶ ሲለሰንበት ግን መውጫው ይዘጋል። ከመሬት በድንጋዩ በኩል የሚሳበው፣ ከጣሪያ በቀዳዳ የሚንጠባጠበውና በልስኑ ስንጥቅ የሚገባው ውሃ ሁሉ ከሲሚንቶው ጀርባ ይጠራቀማል። ጭቃው ይላላል፣ ማገሩ ይበሰብሳል፣ ልስኑን እንዲይዝ ከሥሩ የተዘረጋው ሽቦ ይዝጋል። ዝገት ቦታ ስለሚፈልግ ሲሚንቶውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ እብጠት ብለው የሚያዩት ይህንኑ ነው። በዚያ ላይ የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ እንደ ወቅቱ ጥቂት ይንቀሳቀሳል፤ ሲሚንቶ ግን ድርቅ ያለ ስለሆነ አብሮት መሄድ አይችልም፤ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም ተጨማሪ ውሃ ይገባል። ቤቱን የጎዳው እርጅናው ሳይሆን ይህ «ማጠናከሪያ» ነው።

አንድም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ወረቀቱን ጨርሱ። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ (ቁጥር 209/1992) እድሳት በቅድሚያ ፈቃድ እንዲሠራ ያዛል፤ የአዲስ አበባ ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ዘንድ ሄዳችሁ መዝገቡን ጠይቁ። በአዋጅ 47/67 ተወርሶ የቀበሌ ቤት የሆነ ክፍል ካለም ያለ ወረዳው ፈቃድ ግድግዳ መንካት ጣጣ ያመጣል። ቀጥሎ ቤቱን በፎቶ ሰብስቡት፤ እያንዳንዱ ግድግዳ ከውስጥም ከውጭም፣ እያንዳንዱ መስኮት፣ የበረንዳው ቅርጽ ሁሉ ከጎኑ ሜትር ተይዞ ይነሳ። መዝጊያዎቹን ከማውጣታችሁ በፊት በመሮ ቁጥር ቅረጹባቸው፤ በጠመኔ የተጻፈ ከሳምንት በኋላ አይገኝም። በግድግዳው ማዕዘኖች ቱምቢ ጣሉ። በአንድ ፎቅ ቁመት ከአምስት ሴንቲ ሜትር በላይ ያዘነበለ ካለ ሥራው የአናጢ ብቻ አይደለም፤ የአሮጌ ቤት አሠራር የሚያውቅ መሐንዲስ ይየው።

አሁን ወደ ውሃው። ከላይ ነው የሚጀመረው። የአዲስ አበባ ዝናብ በዓመት 1200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ የአንድ ሚስማር ቀዳዳ በእነዚህ ወራት የሚያስገባው ውሃ ማገር ያበሰብሳል። የድሮው ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ ዛሬ ከሚሸጠው ባለ 32 ጌጅ ይወፍራል (የጌጅ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል)፤ ዝገቱ ላይ ላዩን ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ተፈግፍጎ ጸረ ዝገት ቢቀባ ገና ያገለግላል። የግድ መቀየር ካለበት ያው ክብ ሞገድ ያለው ቆርቆሮ በ28 ጌጅ ይሁን። ኢጋ የሚባለው ባለ ማዕዘን ቆርቆሮ ውሃ ቢከለክልም የቤቱን መልክ ከሩቅ ይለውጠዋል፤ እኔ በዚህ ቤት ላይ አልመክረውም። ቆርቆሮው ጎን ለጎን አንድ ሞገድ ተኩል፣ ከላይ ወደ ታች ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ይደራረብ፤ ሚስማሩ ከነጎማው በሞገዱ ጫፍ ላይ ይመታ፤ በሸለቆው ከተመታ ውሃው በእሱ ዙሪያ ይገባል። አሸንዳ ከሌለ ይገጠም፤ ካለም መውረጃው ከግድግዳው ሥር ሳይሆን ራቅ ብሎ እንዲደፋ ይሁን።

ከታች ደግሞ ግቢው ነው። በአሮጌ ሰፈሮች መንገድና ግቢ በየዘመኑ ስለሚደለደል መሬቱ ከወለሉ ጋር እኩል ሆኖ፣ አንዳንዴም በልጦ ይገኛል። የቤቱን ዙሪያ ቆፍራችሁ መሬቱን ከወለሉ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉት፤ ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ድረስም በየሜትሩ አምስት ሴንቲ ሜትር እየወረደ ይሂድ። ስትቆፍሩ ከመሠረቱ ድንጋይ በታች አትውረዱ። ቤቱን ታክኮ የፈሰሰ የሲሚንቶ ንጣፍ ካለ አንሱት፤ የመሬቱን እርጥበት ወደ ግድግዳው የሚገፋው እሱ ነው። በምትኩ ጠጠር ይሙላበት። የምድር ቤቱ ድንጋይ መጋጠሚያው በሲሚንቶ ተሞልቶ ከሆነም ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ተጎርጉሮ ይውጣና በኖራ ይተካ። ድንጋዩ ላይ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ጨው ነው፤ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት እንጂ በውሃ አትጠቡት፤ ውሃው ጨውን መልሶ ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

ሲሚንቶውን ማንሳት የሚጀመረው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ነው፤ ጥቅምት ጥሩ ወር ነው። በትንሽ መዶሻ ግድግዳውን እያንኳኳችሁ ሂዱ። ድምፁ ባዶ የሚሰማበት ቦታ ከጭቃው ተላቋል፤ በቀላሉ ይነሳል። ከላይ ወደ ታች፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ካሬ ሜትር ሳይበልጥ፣ በጠፍጣፋ መሮ ይነሳ። በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ፈጽሞ አይሞከር፤ ንዝረቱ ደህናውን ጭቃ ከማገሩ ያራግፈዋል። ሽቦውን የያዙትን ሚስማሮች በጉጠት ቁረጧቸው፤ ቢነቀሉ ማገሩን ይሰነጥቁታል። ጭቃው አብሮ ቢወርድ አትደንግጡ፤ የወደቀውን አትጣሉት፣ ከሲሚንቶ ፍርፋሪ ለይታችሁ አከማቹት። ከአዲስ አፈር ጋር ተቦክቶ ተመልሶ ይገባል። ከዚያ ግድግዳው ራቁቱን ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይድረቅ። ብዙ እድሳት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሠራተኛ ቆሞ ገንዘብ ይበላል ተብሎ እርጥብ ግድግዳ ላይ ይመረጋል።

በዚህ የመድረቂያ ጊዜ እንጨቱ ይሠራል። እያንዳንዱን ቋሚ በቀጭን መሮ ውጉት። ሳትገፉት ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከገባ ውስጡ አልቋል። የዚያ ዘመን ጥሩ ቤቶች ቋሚ ብዙ ጊዜ ጥድ ነው፤ ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም፣ ሲቆረጥም ሽታው ይለያል። ስለዚህ የበሰበሰው ተቆርጦ ደህናው ይቀራል እንጂ ሙሉ ቋሚ አይቀየርም። የበረንዳችሁ ቋሚዎች እግር የበሰበሰው በቀጥታ ሲሚንቶ ላይ ስለቆሙ ነው፤ እንጨት ውሃ በብዛት የሚጠጣው በተቆረጠ ጫፉ ነው።

አጠጋገኑ እንዲህ ነው። በቋሚው ግራና ቀኝ ድጋፍ ቆሞ፣ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ተነጥፎ፣ ክብደቱ በክሪክ ይነሳ። «ይነሳ» ስል ጭነቱ ወደ ድጋፉ እንዲዛወር ነው፤ ከሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ከፍ ካለ ከላይ ያለው ግድግዳ ይሰነጠቃል። የዘመመ ቤት በአንድ ቀን ቀጥ አይደረግም። የበሰበሰው እስከ ደህናው እንጨት ድረስ ይቆረጥ፤ አዲሱ ቁራጭ በሰያፍ መጋጠሚያ ይያያዝ። የመጋጠሚያው ርዝመት ከቋሚው ውፍረት ሦስት እጥፍ አይነስ፤ ቋሚው 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መጋጠሚያው 45 ነው። በሁለት የወይራ ችንካር ይታሰር። ሚስማር ብቻውን ከሆነ በየክረምቱ እየላላ ይሄዳል። ከሥሩ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የተጠረበ ድንጋይ ይቀመጥ፤ የድንጋዩ አናት ውሃ እንዳያቁር ወደ ውጭ በጥቂቱ ይዘቅዝቅ።

ለመተኪያ የሚሆን እንጨት ማግኘት ከባድ ነው። አዲስ ጥድ መቁረጥ ደን መጉዳት ነው፤ ፈቃድም ይጠይቃል። የተሻለው የፈረሰ ቤት እንጨት ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው ሲፈርስ ብዙ ያረጀ ጥድና ዝግባ ወጥቷል፤ እንዲህ ያለ እንጨት ከአሮጌ እንጨት ነጋዴዎች ዘንድ ተፈልጎ ይገኛል። ማጠፊያ፣ ቁልፍና መቀርቀሪያ ደግሞ መርካቶ ምናለሽ ተራ ውስጥ ቀን ወስዶ የሚፈልግ ሰው አያጣም። ባህር ዛፍ ለማገር ይሆናል፤ ግን ቅርፊቱ ተልጦ በጥላ ቢያንስ ስድስት ወር የደረቀ ይሁን። እርጥቡ ከተሠራበት በኋላ ይጣመማል፣ ጭቃውንም ይዞት ይሰነጠቃል።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትቀቡ። ምስጥ ይከላከላል እየተባለ በየቦታው ይቀባል፤ ነገር ግን ጭቃና ኖራ እላዩ ላይ አይዙም፣ ጥቁሩም ከዓመታት በኋላ በነጭ ልስን ላይ ብቅ ይላል። ዋናው መከላከያ እንጨትን ከአፈር ማለያየት ነው። ዝናብ ለማይነካው እንጨት የቦራክስና የቦሪክ አሲድ ውሁድ ሁለት ጊዜ ተቀብቶ ቢገባ ጥሩ ይሠራል፤ ለውጭ ግን አይሆንም፣ ዝናብ ያጥበዋል።

ወደ ጭቃው ስንመጣ መጀመሪያ አፈሩ ይመረጥ። ጥቁር አፈር እርጥብ ሲሆን ስለሚያብጥና ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ አይሆንም፤ ቀይ አፈር፣ ያውም ከላዩ 50 ሴንቲ ሜትር ተገፎ ሥር የሌለበት ይሁን። መፈተኛው ቀላል ነው። ጥቂት ጭቃ ተቦክቶ ሦስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ጥቅል ይንከባለል፤ ከዚያ ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቀስ እየተባለ ወደ ውጭ ይገፋ። አምስት ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ከተቆረጠ አሸዋው በዝቷል፤ 15 አልፎ ካልተቆረጠ ሸክላው በዝቷል፣ አሸዋ ይጨመርበት። በመካከል ከተቆረጠ ለሥራ ብቁ ነው።

ሦስት ባሬላ አፈር ለአንድ ባሬላ ሳይጫን ለተሞላ የጤፍ ጭድ መነሻ ይሁናችሁ። ውሃ ጠጥቶ ለአሥር ቀን፣ ቢቻል ለሁለት ሳምንት ይቡካ፤ በየቀኑ በእግር ይረገጥ። ጭዱ መፍላት ሲጀምር ይሸታል፤ ሽታው ጭቃው እየደረሰ መሆኑን ይነግራል። በዚህ መንገድ የቦካ ጭቃ አንድ ቀን ብቻ ከተረገጠው በጣም የተለየ ይጣበቃል። ጊዜ ማሳጠሪያ የለውም።

የመጀመሪያው ምርጊት ማገሩ መካከል የተከፈተውን ይሞላል። የቀድሞው ጭቃ ጠርዝ በውሃ ይረጠብ፤ ደረቅ ጭቃ የአዲሱን ውሃ መጥጦ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። በአንድ ጊዜ ከሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ አይሞላ። ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ይህ ጉዳት አይደለም፣ ቀጣዩ ምርጊት የሚይዘው በዚያ ስንጥቅ ነው። ስንጥቁ መስፋቱን እስኪያቆም ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቁ። ሁለተኛው ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ጭዱ በሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ተቆራርጦ ይግባ። የውስጥ ግድግዳ መጨረሻው በወንፊት የተነፋ አፈር፣ አሸዋ፣ ደቃቅ ጭድና እበት የተዋሐደበት ከሦስት እስከ አምስት ሚሊ ሜትር ምርጊት ነው። ሁሉም ውሁድ ከግድግዳው በፊት በጓሮ በኩል 50 በ50 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቦታ ይሞከር። ከደረቀ በኋላ በጥፍር ሲፈገፈግ የሚረግፍ ከሆነ ሸክላ ያንሰዋል፤ ከተሰነጠቀ አሸዋ ወይም ጭድ ያንሰዋል።

ዝናብ በቀጥታ የሚመታው የውጭ ግድግዳ ኖራ ያስፈልገዋል። ትልቁ ስህተት ኖራን እንደ ሲሚንቶ ከጆንያ አውጥቶ ያን ዕለት መለሰን ነው። በጆንያ የሚሸጠውን የጠፋ (በውሃ የበረደ) ኖራ በበርሜል ውሃ ውስጥ እየነሰነሳችሁ አቡኩት፤ ከላዩ አምስት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይሸፍነው፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ከመግዛታችሁ በፊት ከጆንያው ቆንጥራችሁ ኮምጣጤ ጣሉበት። ብዙ ከተንተከተከ አየር ገብቶት ወደ ጠመኔነት ተመልሷል፤ አይጣበቅም። ያልጠፋ (ገና ውሃ ያልነካው) ኖራ ካገኛችሁ ኖራውን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ ኖራው አትጨምሩ፤ ይፈነዳል፤ ዓይን የሚሸፍን መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው።

አንድ እጅ የደረሰ ኖራ ለሦስት እጅ የታጠበ የወንዝ አሸዋ ይቀላቀል። ጭቃው ይጫር፣ ይረጠብ፤ ልስኑ ስምንት ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። ኖራ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ነው፤ ይህ የሚሆነውም እርጥበት እስካለው ድረስ ብቻ ነው። በእኛ ደጋ የታኅሣሥና የጥር ፀሐይ በአንድ ቀን ያደርቀዋል፤ የደረቀ ኖራ በእጅ ሲነካ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ ፀሐይ በሌለበት በኩል ይለሰን፤ ለአንድ ሳምንት እርጥብ ጆንያ ይንጠልጠልበት፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እንደ ጉም የደቀቀ ውሃ ይረጭበት። ከዚያ እንደ ወተት የቀጠነ ኖራ አራት አምስት ጊዜ ይቀባ። አንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ መቀባት ይላጣል። ፕላስቲክ ቀለም ወይም ስቱኮ እላዩ ላይ ከተቀባ ይህ ሁሉ ድካም ወደ ሲሚንቶው ዘመን ይመለሳል።

የበረንዳው አጥርና የጣሪያው ጠርዝ ጌጥ እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ በዚያ ዘመን የህንድና የአርመን አናጢዎች ያመጡትና ከአገሬው ጋር አብረው የሠሩት ጥበብ ነው። ከቀሩት ውስጥ በጣም ደህናውን አውጡና ከላዩ ያለውን የቀለም ድርብርብ አንሱለት፤ ያን ጊዜ ነው ትክክለኛው ቅርጽ የሚወጣው። ቅርጹን በኮምፔንሳቶ ላይ ቁረጡና በእሱ ልክ የእንጨት ቶርኖ ያለው ሰው ይሥራ። ከብዙዎቹ ሦስት አራት ብቻ ከጎደሉ ሦስት አራቱን ብቻ አሠሩ፤ ለማመሳሰል ተብሎ የድሮው አይጣል። በአዲሱ እንጨት ስውር ጎን ዓመተ ምሕረቱ ይቀረጽ፤ ከኋላ የሚመጣ ሰው አዲሱን ከድሮው ይለያል።

የእንጨቱን ቀለም ከማንሳታችሁ በፊት በበርና በመስኮት ላይ በማይታይ ቦታ ሦስት በሦስት ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ድርብርቡን በቢላ ግለጡ። የመጨረሻው፣ ከእንጨቱ ጋር የተያያዘው ቀለም የቤቱ የመጀመሪያ ቀለም ነው። አሮጌ ዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፈገፈግ፣ በእሳትም አይቃጠል፤ እየረጠበ ይፋቅ፣ ልጆች ይራቁ። አዲሱ በተልባ ዘይት የተሠራ ቀለም ቢሆን ከእንጨቱ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ በስሱ ሦስት ጊዜ፣ በየመሐሉ ሦስት ቀን ያህል እየደረቀ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ጊዜ ይነዳል፤ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት። በእንጨት ቤት ውስጥ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ኮርኒሱ አቡጀዲ ከሆነ በቺፑድ አትለውጡት። አዲስ አቡጀዲ ሳይታጠብ ተወጥሮ ጠርዙ በቀጭን እንጨት ይመታ፤ ከዚያ በቀጭን ሙጫ ውሃ ሲቀባ ራሱ ተኮማትሮ ከበሮ ይሆናል። የኖራው ቀለም በዚያ ላይ ይመጣል። ከዚያ በፊት ግን ከላዩ ያለው የኤሌክትሪክ ገመድ በሙሉ ተቀይሮ በቱቦ ውስጥ ይግባ።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄያችሁ። ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ለሦስት ለሳኞች ከጓሮ ግድግዳ አንድ አንድ ካሬ ሜትር ስጧቸው፤ የቀን ሒሳባቸውን ክፈሉ። የመጀመሪያው ቀን ምን እንደሚጠይቁ አድምጡ። አፈሩ ከየት ነው፣ ጭቃው መቼ ቦካ፣ ግድግዳው ደርቋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሥራውን ያውቃል። ሲሚንቶ ጥቂት ቢገባበት ይጠነክራል የሚለውን አመስግናችሁ አሰናብቱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሦስቱንም በጥፍራችሁ ፈግፍጉ፣ በጣት አንጓ አንኳኩ፤ ድፍን ድምፅ የሚሰጠውን የለሰነው ሰው የፊት ለፊቱን ግድግዳ ይጀምር።